የደነገጠች ድመት በቤታችሁ ስትገባ

በአገራችን ድመት ከሰው ቤት የምትገባው አብዛኛውን ጊዜ ለሥራ ተፈልጋ ነው። አይጥ የጤፉን ጆንያ ሲቀድ፣ ከቁም ሣጥን ገብቶ የበዓል ቀሚስ ሲቆራርጥ፣ የቤቱ እመቤት «ኧረ እባካችሁ አንዲት ድመት ፈልጉልኝ» ትላለች። ከጎረቤት ወይም ከዘመድ ቤት ዓይኗን ከገለጠች ብዙም ያልቆየች ግልገል ትመጣለች። ልጆች እያቀፉና እየጎተቱ ያሳድጓታል፤ ከቤተሰቡም ጋር ትላመዳለች። ከዚያ ወዲያ አይጧን እስከያዘች ድረስ ስለ እርሷ ብዙ የሚያስብ የለም።

ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ስለ ሌላ ዓይነት ድመት ነው። ይኸውም አድጋ፣ ቤቷን አጥታ፣ የሰው ኮቴ በሰማች ቁጥር የምትርበደበድ ድመት ናት። «አሁን የድመት ነገር ጋዜጣ ላይ ይጻፋል?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። በየሰፈሩ ቤት ሲፈርስና ሰው ሲዛወር ግን ድመቶች ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ ከእነዚህ አንዷ ነገ በእናንተ ደጃፍ ልትገኝ ትችላለች። ደግሞም በእኔ ቤት የገባችው ድመት ጉዳይዋ የራሷ ብቻ አልነበረም፤ ከኋላዋ አንዲት ብቸኛ እናት ነበሩ።

ነገሩ የሆነው በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ወር ነው። በዚያን ጊዜ በፒያሳና በአካባቢው የነበሩ አሮጌ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲነሡ ነዋሪዎቹ በከተማው ዳር ወዳሉ መኖሪያዎች ተዛወሩ። ከመሥሪያ ቤታችን ጀርባ ቡና እያፈሉ ለእኛ ለሠራተኞቹ ይሸጡ የነበሩ አንዲት አረጋዊት እናትም ከተዛዋሪዎቹ አንዷ ነበሩ። እማማ እንላቸዋለን። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅም የላቸው። ከረከቦታቸው አጠገብ ሁልጊዜ ተጠቅልላ የምትተኛ አንዲት ዝንጉርጉር ድመት ግን ነበረቻቸው። ስሟ ውሮ ነው። እንዲያው በአዲስ አበባ «ውሮ» ያልተባለ ድመት ስንት አለ? የእማማ ውሮ ግን የሚጠራትን ሰው ትለያለች፤ እርሳቸው «ውሪዬ» ሲሏት ጆሮዋን ቀጥ ታደርጋለች፤ እኛ ብንጣራ ግን ዞር ብላም አታይ።

ዕቃው በአይሱዙ በተጫነ ዕለት የጫኞቹ ጩኸትና የዶዘሩ ድምፅ ሲበዛባት ውሮ ከጣራ ወደ ጣራ ዘልላ ጠፋች። እማማ እስከ ማታ ሊጠብቋት ፈለጉ፤ መኪናው ግን የሚጠብቅ አልነበረም። በማግሥቱ ሦስት ታክሲ ቀያይረው ተመልሰው መጡና ከበራችን ላይ ቁጭ ብለው ሲጣሩ ዋሉ። ድምፃቸው እስኪዘጋ ድረስ ተጣሩ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣

«ልጄ፣ እኔ በዚህ ጉልበቴ በየቀኑ መመላለስ አልችልም። አንቺ መቼም እዚሁ ነሽ። ውሮን ካገኘሽልኝ እባክሽ ለጊዜው እቤትሽ አስጠጊልኝ፤ እኔም ስደላደል መጥቼ እወስዳታለሁ» አሉኝ። ከላያቸው ላይ ያለውን አሮጌ ነጠላ አውልቀው በፌስታል አድርገው ሰጡኝ። «ሽታዬን ታውቀዋለች» አሉ።

በአራተኛው ቀን የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ ከቆርቆሮ ክምር ሥር አገኛት። ሳርዲን ከፍቶ አስቀመጠና አንገቷን ስታወጣ ካፖርቱን ጣል አድርጎባት ያዛት። እርሷም በበኩሏ እጁን በሚገባ ቧጥጣዋለች፤ አንድ ቦታም ነክሳዋለች።

እዚህ ላይ ከጨዋታው ጥቂት ወጣ ብዬ አንድ ነገር ላሳስብ። የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ ድመትንም ይይዛል፤ ከድመትም ወደ ሰው ይተላለፋል። በአገራችን ሰው በብዛት የሚያዘው በውሻ ንክሻ መሆኑ እርግጥ ነው። ቢሆንም የማትታወቅ ድመት ስትነክስ ወይም ስትቧጥጥ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ሳይውሉ ሳያድሩም ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። በሽታው ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚመልሰው መድኃኒት የለም፤ በጊዜ የተወሰደ ክትባት ግን ሕይወት ያተርፋል። «የውሻ መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ልሂድ» እያሉ ቀን ማሳለፍ ብዙ ልጆችን አስቀጥፏል። የእኛ ጥበቃ ቁስሉን አጥቦ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባቱን ጀመረ። ድመቷም 10 ቀን ተዘግቶባት በዓይን እንድትጠበቅ ተነገረን። ቀኖቹ በሰላም አለፉ፤ ሁለቱም ደህና ሆኑ።

ቤታችን በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ነው። ባለቤቴ፣ የ9 ዓመት ልጄና እኔ እንኖርበታለን። ትልቋ ልጃችን አግብታ ከወጣች ወዲህ የእርሷ ክፍል ግማሽ ዕቃ ቤት ሆኗል፤ ለውሮም የሰጠናት እርሱን ነው። አንዳንድ ሰው አዲስ የመጣችን ድመት «ቤቱን ትወቀው» ብሎ ከሳሎን መሐል ይለቃታል። ለደነገጠች ድመት ሰፊ ቤት የሰፋ ፍርሃት ነው። አንድ ጠባብ ክፍል፣ አንድ መደበቂያ፣ ከአንድ ጥግ ምግብና ውሃ፣ ከዚያ ራቅ ባለው ሌላ ጥግ የምትጸዳዳበት ሳፋ ይበቃታል። በሳፋው ውስጥ ከእንጨት ሥራ ቤት የሚገኘውን ሰጋቱራ ወይም ደረቅ አሸዋ ማድረግ ነው። ከምግቧ አጠገብ ከሆነ ግን አትጠቀምበትም፤ ድመት በዚህ ነገር ከሰው ይልቅ ትጠነቀቃለች።

የተያዘችበትን ካርቶን በጎኑ አስተኝቼ የእማማን ነጠላ አነጠፍኩበት። እርሷ ግን ካርቶኑ ሲከፈት እንደ ጥይት ተተኩሳ ከቁም ሣጥኑ ሥር ገባች። ልጄ የመጥረጊያውን እንጨት ይዞ «ላውጣት?» ሲል ተከላከልኩ። ስለ መደበቂያ ጉዳይ በኔዘርላንድ የዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት አንድ ጥናት አለ። ወደ መጠለያ አዲስ ከመጡ 19 ድመቶች ለ10ሩ መደበቂያ ሣጥን ሰጧቸው፤ 9ኙን ደግሞ ያለ ሣጥን አቆዩአቸው። ሣጥን ያገኙት ከሌሎቹ በጣም ቀድመው ተረጋጉ። መደበቂያ ያላት ድመት ዓለሙን ከዚያ ሆና ትቃኛለች፤ መደበቂያ የሌላት ግን ሌት ተቀን ዘብ እንደቆመች ናት። ስለዚህ ከተደበቀችበት ጎትቶ ማውጣት፣ ያውም «እንድትለምደን» ብሎ፣ ያለቻትን አንዲት ጎጆ እንደ ማፍረስ ይቆጠራል።

አንድ ሰው እንደነገረኝ ሳይሆን አንብቤም እንደተረዳሁት፣ ግልገል ድመት ሰውን ወዳጅ ብላ የምትይዘው ከተወለደች ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የሰው እጅ ከነካት ነው። ያ ጊዜ በጫካ ወይም በቱቦ ውስጥ ያለፈባት ድመት አድጋ ሰውን መልመድ እጅግ ያስቸግራታል። ውሮ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነበረች፤ የአንዲት እናት እጅ አሳድጓታል። ድንጋጤዋ ሰው ካለማወቅ የመጣ ሳይሆን የምታውቀው ነገር ሁሉ በአንድ ቀን ስለጠፋባት ነው። ድመት ቤቷን የምታውቀው ከዓይኗ ይልቅ በአፍንጫዋ ነው። ጉንጯን በበርና በወንበር እግር ስታሻሽ አይታችኋል አይደል? በጉንጯ ላይ ካሉ እጢዎች የራሷን ሽታ እየቀባች «ይህ የእኔ ነው» ማለቷ ነው። በእኔ ቤት ውስጥ የእርሷን ሽታ የያዘ ከዚያ ነጠላ በስተቀር አንድም ነገር አልነበረም።

ከዚያ ይልቅ ያስጨነቀኝ የምግቡ ነገር ነው። ያን ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ሁለቱም በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2 ቀን፣ ነበር የገቡት። እኔ ቤት ምስርና ሽሮ እንጂ ሌላ የለም፤ በአካባቢያችን ያለው ልኳንዳ ቤትም ተዘግቷል። ድመት ደግሞ መጾም አትችልም። ጥብቅ ሥጋ በል ከሚባሉት እንስሳት አንዷ ናት፤ ለዓይኗና ለልቧ የሚያስፈልጋት ታውሪን የተባለው ንጥረ ነገር በእህልና በአትክልት ውስጥ አይገኝም። ብዙዎቻችን እንጀራ በወጥ አድርገን እንሰጣለን። በወጡ ውስጥ ያለው ቀይና ነጭ ሽንኩርት ግን የድመትን ደም የሚያበላሽ መርዝ ነው። ወተትም ቢሆን እንደምናስበው አይደለም፤ ያደገች ድመት አብዛኛውን ጊዜ ሆዷን ያሳምማታል፤ ንጹሕ ውሃ ይሻላታል።

ውሮ ግን የተሰጣትን ሁሉ አልቀመሰችም። አንድ ቀን አለፈ፤ ሁለት ቀን ሆነ። ማታ ማታ ልክ ሁለት ሰዓት ሲሆን ስልኬ ይጮሃል።

«በላች?»

«ገና ናት እማማ። ውሃ ግን ሳትጠጣ አልቀረችም፤ ጎድሏል።»

ከዚያ ዝም ይላሉ። ከጀርባቸው ምንም ድምፅ አይሰማም፤ የሰው ወሬ የለ፣ የሬዲዮ ድምፅ የለ። በድሮው ሠፈራቸው ስልክ ሲያነሡ የጎረቤቱ ጫጫታ እርሳቸውን እንዳንሰማ ያደርገን ነበር።

አንድ የእንስሳት ሐኪም በስልክ ጠየቅሁ። ድመት ሁለት ሦስት ቀን ሙሉ ሳትበላ ከቆየች ስቡ ወደ ጉበቷ ተጠራቅሞ ልትሞት እንደምትችል፣ በሦስተኛው ቀንም ካልቀመሰች ይዤያት እንድመጣ ነገረኝ። ይህን ሳስብ መሽቶ፣ ከፊት ለፊት ያለችው ጎረቤቴ ለማፍጠሪያ ከምትሠራው ሾርባ ላይ ቀንሳ፣ ጨውም ሽንኩርትም ሳይነካው ለብቻው የተቀቀለ ሳንባ በትንሽ ሳህን ይዛልኝ መጣች። የሙስሊም ሥጋ ቤት ክፍት መሆኑን እኔም አላጣሁትም፤ ግን ከሥራ ስወጣ ይመሻል። ለብ እንዳለ ከቁም ሣጥኑ ፊት አስቀመጥኩና መብራቱን አጥፍቼ በሩን ዘጋሁ። ምግብ ለብ ሲል ሽታው ይነሣል፤ የፈራች ድመት ደግሞ በጨለማና ሰው በሌለበት ነው የምትበላ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳህኑ በሲሚንቶው ወለል ላይ ሲንሸራተት ሰማሁ። ባለቤቴን ቀሰቀስኩት። «ድመት በላች ተብሎ ሰው ይቀሰቀሳል?» አለና ተገላብጦ ተኛ። እማማን ግን ሲነጋ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደወልኩላቸው።

እንግዲህ መብላት ማለት ማመን አይደለም። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ጊዜ የሚጠይቅ ነው፤ ለእኛ ለሠራተኛ እናቶች ደግሞ ጊዜ የት አለ? በበኩሌ ያገኘሁት መላ ይህ ነው። ማታ ከሥራ ስመለስ መቼም ምስር መልቀም፣ ነጭ ሽንኩርት መላጥ አይቀርልኝም። ሰፌዴን ይዤ ወደዚያች ክፍል ገብቼ በርጩማ ላይ፣ ጀርባዬን ለቁም ሣጥኑ ሰጥቼ እቀመጣለሁ። አልጣራም፤ አላይም፤ እጄንም አልዘረጋም። ሥራዬን እየሠራሁ ለራሴ ቀስ ብዬ አወራለሁ፤ የቢሮውን ነገር፣ የታክሲውን ሰልፍ፣ የዘይቱን ዋጋ። እውነቱን ለመናገር ከእርሷ የተሻለ አድማጭ አላገኘሁም። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ሁለት ፍሬ ሥጋ ከጀርባዬ አስቀምጬ እወጣለሁ። በየቀኑ ያው ሰዓት፣ ያው በርጩማ፣ ያው ቀሚስ። ድመት ነገ የሚሆነውን አስቀድማ ስታውቅ ነው ፍርሃቷ የሚቀንሰው።

ጀርባ መስጠትና ማፍጠጥን መተው ያለ ምክንያት አይደለም። በድመት ዓለም ፊት ለፊት አተኩሮ ማየት የጠብ ምልክት ነው። ዓይንን ቀስ ብሎ ጨፈን አድርጎ መክፈት ግን የሰላም ምልክት ነው። የእንግሊዝ አገር የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ይህንኑ ፈትነው፣ ሰው ዓይኑን ቀስ ብሎ ሲጨፍንላቸው ድመቶችም አጸፋውን እንደሚመልሱ፣ ከዚያም በኋላ ወደተዘረጋላቸው እጅ ይበልጥ እንደሚቀርቡ አሳይተዋል። ይህን ለልጄ ስነግረው ነገሩን የራሱ ሥራ አደረገው። ከበሩ ሥር በሆዱ ተኝቶ፣ የቤት ሥራውን እያነበበ፣ በየመሐሉ ዓይኑን ወደ ቁም ሣጥኑ ሥር ጨፈን ከፈት ያደርጋል። አንድ ማታ «እማዬ! መለሰችልኝ!» ብሎ በሹክሹክታ ጮኸ። በሹክሹክታ መጮህ ይቻላል ወይ ብትሉኝ፣ በዚያን ሰሞን እኛ ቤት ሁሉም ሰው ይችል ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ከቁም ሣጥኑ ሥር ወጥታ ካርቶኑ ውስጥ፣ ከእማማ ነጠላ ላይ መተኛት ጀመረች። በአምስተኛው ሳምንት እያየኋት መብላት ቻለች። እኛም «እንግዲህ ተላመደች» እያልን ሳለ የፋሲካ ሰሞን መጣ። የየቤቱ በግ ከፎቃችን ሥር ታስሮ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ አደረ፤ በደረጃው ላይ ሰው ይወጣል ይወርዳል፤ ዕቃ ይጎተታል። ለእኛ የበዓል ድምፅ ነው፤ ለእርሷ ግን ያ ዕቃ የተጫነበት ቀን ተመልሶ የመጣ ያህል ሆነባት። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ ተመልሳ ከቁም ሣጥኑ ሥር ገባች፤ የፋሲካ ዕለት ዶሮውም ሥጋው ሞልቶ ሳለ ውሮ ጾመኛ ሆና ዋለች። ባለቤቴ «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ፤ ይቺ የምትለምድ አትመስለኝም» አለ። እማማ ግን ይህን በስልክ ሲሰሙ አልደነገጡም። «ያው ወደምታውቀው ቦታ መግባቷ ነው። እኔስ ብሆን እዚህ አገር የሰው ድምፅ ስሰማ በሩን እዘጋ የለ?» አሉኝ።

ሰፌዴን ይዤ ወደ በርጩማዬ ተመለስኩ። ወደ ኋላ የተመለሰች ድመት እንደ መጀመሪያው ጊዜ አትዘገይም፤ በአራት ቀን ወጣች። ግንቦት በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሽንኩርት እየላጥኩ ሳለ ከባቴ ላይ አንድ ነገር ገፋ አደረገኝ፤ በግንባሯ ነው። አልነካኋትም። እንደዚህ ባለ ሰዓት እጅ ይቸኩላል፤ ግን የመጀመሪያውን ጥያቄ እርሷ ትጠይቅ ዘንድ መተው ይሻላል። በማግሥቱ መጣች፤ ሦስተኛውም ቀን። በአራተኛው ቀን የጠቋሚ ጣቴን ጀርባ ዝቅ አድርጌ ሰጠኋት፤ አሸተተችና ጉንጯን አሻሸችበት። ሽታዋን ቀባችኝ ማለት ነው። ድመት መጀመሪያ መዳሰስ የምትወደው ጉንጯንና ከአገጯ ሥር ነው፤ ሆዷንና ጅራቷን መንካት እንደ ደፈራ ትቆጥረዋለች። ሁለት ሦስት ጊዜ ዳስሶ እጅን ማንሣት፤ ከፈለገች ራሷ ትጨምራለች። ጅራቷ ሲወራጭ፣ ጆሮዋ ወደ ኋላ ሲተኛ «በቃኝ» ማለቷ ነውና ልጆቻችሁ ይህን ቋንቋ ይወቁ፤ ከሚያስቧጥጡ ነገሮች አብዛኞቹ ይህን ካለማየት ይመጣሉ። በዚያው ወር ሐኪም ዘንድ ወስደን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከተብናት።

ሰኔ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ነፍሰ ጡር የሆነችው ልጃችን የመጀመሪያ ልጇን በእናቷ ቤት ለመታረስ ገባች። የባሏ እናት ሊጠይቋት መጥተው ውሮን በኮሪደሩ ሲያዩአት ፊታቸው ተለወጠ። «እርጉዝ ባለችበት ቤት ድመት? ፀጉሯ ያመክናል፤ ልጅ ያስወርዳል፤ ዛሬውኑ ትውጣ!» አሉ። ክፉ አስበው አይደለም፤ የልጅ ልጃቸው ነገር አስፈርቷቸው ነው።

እናቶች ሆይ፤ ይህን ጉዳይ ለይቶ ማወቅ ደግ ነው። የድመት ፀጉር ሴትን አያመክንም። ፀጉርና ምራቋ አለርጂ የሚያስነሣባቸው ሰዎች ግን አሉ፤ በቤታችሁ አስም ያለበት ልጅ ካለ ሐኪም ሳታማክሩ ድመት አታስገቡ። የእርጉዝ ሴት ጉዳይ ሌላ ነው። ቶክሶፕላዝማ የሚባል በዓይን የማይታይ ተሕዋስ አለ፤ እናቲቱን በእርግዝናዋ ወራት ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዛት ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። ይህ ተሕዋስ የሚወጣው በድመት ዓይነ ምድር ነው፤ ሰውን የሚይዘውም ከወጣ ከ1 እስከ 5 ቀን ከቆየ በኋላ ነው። ስለዚህ ሳፋው በየቀኑ ከተጸዳ፣ ያውም እርጉዟ ሳትሆን ሌላ ሰው ካጸዳው፣ አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል። ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ ይኸው ተሕዋስ በጥሬ ሥጋና ባልታጠበ ሰላጣም የሚገባ መሆኑን ነው። «ድመቷ ትውጣ» እያልን ለእርጉዟ ጥሬ ክትፎ የምናቀርብ ከሆነ አንዱን በር ዘግተን ሌላውን ከፍተናል።

የቅድመ ወሊድ ክትትሏን የሚያደርግላት ሐኪምም ይህንኑ ነገራት። ሳፋውን ባለቤቴ ተረከበ፤ ሥጋው ሁሉ በስሎ እንዲቀርብ ሆነ፤ የውሮ ወደ ልጄ መኝታ መግባትም ተከለከለ። አማቲቱ በቀላሉ አልተረቱም፤ እስከ መውለጃዋ ድረስ በመጡ ቁጥር ድመቷን በጎን እያዩ «ሆ» ይሉ ነበር። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ልጃችን ጤነኛ ወንድ ልጅ ወለደች። ሕፃኑ መጀመሪያ ሲያለቅስ ውሮ ከቁም ሣጥኑ ሥር ገባች፤ ነገር ግን በዚያው ማታ ወጥታ ራቷን በላች።

እማማ ይህን ሁሉ በስልክ ይከታተላሉ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አንድ እሑድ ትንሽ ጆግ ማር ይዘው ሕፃኑን ሊጠይቁ መጡ። ከስተዋል። አዲሱ ቤታቸው ምድር ላይ ያለ፣ ውሃና መብራት ያለው ጥሩ ቤት ነው፤ «ግን ልጄ፣ ቡና አፍልቼ የምጠራው ሰው ገና አላገኘሁም፤ ለብቻዬ ሦስተኛውን እየጠጣሁ ነው» አሉኝ። ሕፃኑን መርቀው ሲያበቁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ውሪዬ» አሉ።

ውሮ ወዲያው አልመጣችም። ከበሩ ጫፍ ላይ ቆማ ረጅም ጊዜ ተመለከተች። ሰባት ወር ለድመት ቀላል አይደለም። እማማም አልጎተቷት፤ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ወለሉ ለቀቅ አድርገው ወሬያቸውን ቀጠሉ። እርሷም ወለሉን እየታከከች መጣች፤ ጫፉን አሸተተች፤ ወደ ላይ አሸተተች፤ ከዚያ ዘልላ ከጭናቸው ላይ ወጣችና ማንኮራፋት ጀመረች። እኛ ጭን ላይ አንድም ቀን ወጥታ አታውቅም። ልጄ ይህን አይቶ ወደ መኝታ ቤቱ ገባ።

ማታ ስናዋያቸው እማማ ራሳቸው «የልጁን ሆድ አላባባውም፤ እዚሁ ትቅር» ብለው ነበር። ተከራከርናቸው። ልጄ ዓይኑን እንዳበጠ ወጥቶ ካርቶኑን ከክፍሉ አመጣና «ነጠላው ከሥር ይሁን፤ ሽታው እንዳይጠፋ እንዳታጥቡት» አላቸው። ካርቶኑ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መኝታዋ ስለነበረ ውሮ ያለ ግብግብ ራሷ ገባችበት፤ ክዳኑን አጥፈን ለአየር ቀዳዳ ባወጣንበት በኩል አንድ ዓይኗን እያየን ባለቤቴ በታክሲ አደረሳቸው። ምን ማድረግ እንዳለባቸው ለእርሳቸው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ቢሆንም፣ አንድ ክፍል ብቻ ክፈቱላት፣ ካርቶኑን አታንሡባት፣ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ወደ ውጭ አትልቀቋት ብያለሁ።

በማግሥቱ ሁለት ሰዓት ላይ የደወልኩት እኔ ነበርኩ።

«በላች?»

«ከአልጋው ሥር ናት። አልቀመሰችም።»

ሁለተኛውም ቀን እንዲሁ ነበር። በሦስተኛው ቀን እርሳቸው ደወሉ። ከጀርባቸው የሲኒ ድምፅና የሁለት ሴቶች ወሬ ይሰማል። ጎረቤቶቹ የድመት ድምፅ ሰምተው «አይጥ አስቸግሮናል፤ ድመት አለዎት እንዴ?» ብለው በሩን አንኳኩተው መግባታቸው ነው። እማማ ስልኩን በጆሯቸው ይዘው ለእነርሱ «ቡናው እስኪፈላ ቁጭ በሉ፤ ድምፃችሁን ግን ቀነስ አድርጉ፤ ገና መውጣቷ ነው» ሲሏቸው ሰማሁ።